ድምሩ ልክ፣ መልሱ ስህተት፦ ሱዶኩ እንዴት ይፈታል?

ባለፈው ክረምት የጠበበኝን ሱሪ ላሰፋ ጎንደር፣ ፒያሳ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። (ጥፋቱ የሱሪው አልነበረም።) ባለቤቱ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አዛውንት፣ የስፌት መኪናቸውን ትተው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ላይ አቀርቅረዋል። ውጭ አገር ያለች የእህታቸው ልጅ የላከችላቸው የሱዶኩ፣ ማለትም ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥር ሳይደገም የሚሞላበት እንቆቅልሽ፣ መጽሐፍ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜ ስመለከት ከአንዱ ገጽ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ በካርቶን ቁራጭ ላይ ገልብጠው ሰጡኝ። «አንተ የሒሳብ ሰው አይደለህ? ወስደህ ሞክራት» አሉኝ።

እውነትም እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ ነው። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ባዶ ባየሁበት ሁሉ የመሰለኝን ቁጥር እያስገባሁ ሞላሁት። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 45 እንደሚመጡ አውቃለሁና እያንዳንዱን ረድፍ ደመርኩ። ዘጠኙም 45 ሆኑ። በማግስቱ ካርቶኑን ይዤ ስሄድ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ ጊዜ ብቻ አዩትና «ሦስተኛው ረድፍ ላይ 5 ሁለት ጊዜ ምን ይሠራል?» አሉ።

5 ሁለት ጊዜ፣ 8ም ሁለት ጊዜ ገብቷል። 4 እና 9 የሉም። 4 እና 9 ሲደመሩ 13፣ 5 እና 8 ሲደመሩም 13፤ ስለዚህ ድምሩ ምንም ሳይነቃነቅ 45 ሆኖ ቆይቷል። መዝገብ ላይ የሚውል ሰው ይህን ሊስተው አይገባም ነበር። ዴቢትና ክሬዲት እኩል ስለመጡ ብቻ መዝገቡ ንጹሕ ነው ብሎ የፈረመ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቀን ኦዲተር ፊት ላቡን መጥረጉ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ሱዶኩን ከጋሼ ተማርኩ። ሲያስተምሩኝ ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ «በምን አወቅህ?» ትክክለኛውን ቁጥር ብጽፍ እንኳ ምክንያቱን መናገር ካቃተኝ ላጲሱን ወደ እኔ ይገፉታል። መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ጨዋታው በሙሉ እዚያች ጥያቄ ውስጥ እንዳለ አምኛለሁ፤ ይህን ማብራሪያ የምጽፈውም እኔ እንደ ጀመርኩት በግምት ለሚጀምሩ ሰዎች ነው።

ሕጉ

ሕጉ አጭር ነው። ሰንጠረዡ ዘጠኝ ረድፎችና ዘጠኝ ዓምዶች አሉት፤ በጠቅላላው 81 ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ማለት ነው። በወፍራም መስመር ደግሞ ሦስት በሦስት ወደ ሆኑ ዘጠኝ ክፍሎች ተከፍሏል። ጋሼ ትንሿን አራት ማዕዘን «ቤት»፣ ዘጠኝ ቤቶች ያሉትን ክፍል ደግሞ «ግቢ» ይሏቸዋል። የገበጣ ጉድጓድም ቤት ነውና የመጀመሪያው ቃል አላስገረመኝም። ሁለተኛው ግን የጎንደር ሰው ያወጣው ስም መሆኑ ያስታውቃል። የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ግንብ የታጠረ ነው፤ በውስጡ አፄ ፋሲለደስ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት ሠሩ፣ ልጃቸው ዮሐንስ የራሳቸውን አሠሩ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱም እንዲሁ። አንዱ በሌላው ቤት አልተደረበም። የሱዶኩም ግቢ እንደዚያ ነው፤ ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ የተለያየ ነዋሪ።

ስለዚህ ከ1 እስከ 9 ያለ እያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ረድፍ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓምድ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ግቢ አንድ ጊዜ ይገባል። አይደገምም፤ አይጎድልምም። ከመጀመሪያው የተሞሉ ጥቂት ቁጥሮች አሉ፤ እነርሱ አይነኩም። የቀረውን መሙላት የፈቺው ድርሻ ነው። ሌላ ሕግ የለም።

መደመር እንደሌለ ልብ ይሏል። ቁጥሮቹ እዚህ ቦታ ብዛትን አይናገሩም፣ ዘጠኝ የተለያዩ ምልክቶች መሆናቸው ብቻ ይበቃል። በምትካቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ ቢገቡ ጨዋታው ያው ነው። ጋሼ ይህን ሊያሳዩኝ አንድ ቀን ሰንጠረዡን በግዕዝ ቁጥር ጽፈው ጠበቁኝ። ከ፩ እስከ ፱ ልክ ዘጠኝ ምልክት ነው፣ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ሱዶኩም ዜሮ አይፈልግም። እንዲያውም ለሒሳብ ሠራተኛ የግዕዙ ይሻላል፤ ፭ እና ፰ን ለመደመር እጁ ቶሎ አይሄድም።

ከየት መጣ?

ስሙ የጃፓን ይሁን እንጂ ጨዋታው ዛሬ በምናውቀው መልኩ የታተመው አሜሪካ ነው። ሃዋርድ ጋርንስ የተባሉ የኢንዲያና ሰው፣ ጡረታ የወጡ አርክቴክት፣ እንዳዘጋጁት ይታመናል። በ1979 እ.ኤ.አ. ዴል በተባለው አሳታሚ የእንቆቅልሽ መጽሔት ላይ «የቁጥር ቦታ» ተብሎ ወጣ። (የፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረውም በዚያው ዓመት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ምንም አያገናኘውም፤ እኔ ግን ዓመቱን የማስታውሰው በዚህ ነው።) በ1984 ኒኮሊ የተባለው የጃፓን አሳታሚ ጨዋታውን ወሰደ፤ የአሳታሚው ኃላፊ ማኪ ካጂ «ቁጥሮቹ ነጠላ መሆን አለባቸው» የሚል ትርጉም ያለው ረጅም ስም አወጡለት። በጃፓንኛ ይኸው «ነጠላ» የሚለው ቃል ላላገባ ሰውም ያገለግላል። ረጅሙ ስም ሲያጥር ሱዶኩ ሆነ። ወደ ቀሪው ዓለም ያሻገሩት ደግሞ ዌይን ጉልድ የሚባሉ፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ዳኛ የነበሩ ኒውዚላንዳዊ ናቸው። በ1997 ቶኪዮ ውስጥ አንድ መጻሕፍት መሸጫ ገብተው አዩት፤ ሱዶኩ የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፉ ዓመታት ፈጀባቸው። በ2004 መገባደጃ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ያልደረሰበት ጋዜጣ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

በአራት እንጀምር

ዘጠኝ በዘጠኙ ለጀማሪ ዓይን ይበዛል። ጋሼም እኔን ያስጀመሩኝ አራት በአራት በሆነ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 4 ብቻ ናቸው፤ ግቢዎቹም አራት ናቸው፣ እያንዳንዱ ሁለት በሁለት። ይኸውና፦

□ 4 □ □
1 □ 2 □
□ □ □ 1
□ □ 3 □

ረድፉን ከላይ ወደ ታች፣ ዓምዱን ከግራ ወደ ቀኝ እንቁጠር። ላይኛው የቀኝ ግቢ ውስጥ 1 የለም፤ መግባት ግን አለበት። የት? ሁለተኛው ረድፍ 1 ስላለው እዚያ መድገም አይቻልም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ቤቶች በአንዱ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ አራተኛው ዓምድ ላይ ነው፣ አራተኛው ዓምድ ደግሞ ታች 1 አለው። የተረፈው አንድ ቤት ብቻ ነው፦ መጀመሪያው ረድፍ፣ ሦስተኛው ዓምድ። 1 እዚያ ይጻፍ።

ልክ እንደዚሁ ታችኛው የግራ ግቢ። ሦስተኛው ረድፍ 1 አለው፤ የመጀመሪያው ዓምድም 1 አለው። ለ1 የቀረው አራተኛው ረድፍ ላይ ያለው ሁለተኛ ቤት ነው።

አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። እስካሁን «1 የት ይገባል?» እያልን ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ሁለተኛ ቤት አይተን «እዚህ ማን ይገባል?» እንበል። ግቢው 4 እና 1 አለው፤ ረድፉ 2 አለው። ከአራቱ ሦስቱ ተባረሩ፣ 3 ብቻ ቀረ። እርሱ ሲገባ ሁለተኛው ረድፍ 1፣ 3፣ 2 ሆነ፤ መጨረሻው 4 መሆኑ ግልጽ ነው። ላይኛው የግራ ግቢ የጎደለው 2 ነው፤ በመጀመሪያው ቤት ይገባል። የመጀመሪያው ረድፍ 2፣ 4፣ 1 ስለሆነ መጨረሻው 3 ነው። ላይኛው ግማሽ አለቀ።

ሦስተኛው ዓምድ 1፣ 2፣ ባዶ፣ 3 ነው፤ ባዶው 4። አራተኛው ዓምድ 3፣ 4፣ 1 ካለው ከታች 2። አራተኛው ረድፍ አሁን 1፣ 3 እና 2 አለው፤ መነሻው 4። የመጀመሪያው ዓምድ የጎደለው 3፣ ሦስተኛው ረድፍ የጎደለው 2።

2 4 1 3
1 3 2 4
3 2 4 1
4 1 3 2

አሥራ አንድ ባዶ ቤት ነበር፤ አሥራ አንዱም ሲሞላ አንድም ጊዜ «ምናልባት» አላልንም። ጋሼ «በምን አወቅህ?» ቢሉ ለእያንዳንዱ መልስ አለን። ይህን ሳይዙ ወደ ዘጠኝ በዘጠኙ መሄድ እኔ የሠራሁትን ስህተት መድገም ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች

ከላይ ያነሳናቸው ሁለት ጥያቄዎች የቀላል ሱዶኩ ሙሉ መሣሪያ ናቸው። «ይህ ቁጥር በዚህ ግቢ የት ይገባል?» እና «በዚህ ቤት ማን ይገባል?» ጀማሪ ሁሉ ሁለተኛውን ይወዳል፤ ባዶ ቤት ዓይን ይስባልና። አንዱን ቤት መርጦ ረድፉን ያያል፣ ዓምዱን ያያል፣ ግቢውን ያያል፣ ከዚያ አራት ወይም አምስት ቁጥር ተርፎት ይተወዋል። ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። እንዲህ ሲል ያመሻል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም አንድ ቁጥር ብቻ በአእምሮ ተይዞ ሰንጠረዡን በሙሉ መቃኘት ይቻላል። 7ን እንያዝ። ላይ ከተደረደሩት ሦስት ግቢዎች አንደኛው 7ን በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይዟል እንበል፤ መካከለኛው ደግሞ በሁለተኛው ረድፍ ላይ። ሦስተኛው ግቢ 7 ካስፈለገው በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ረድፍ ላይ ሊያስገባው አይችልም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ብቻ ቀሩት። ከሦስቱ መካከለኛው ቀድሞ በ2 ተይዟል። የመጨረሻው ባዶ ነው፤ ግን ዓይናችንን በዓምዱ ወደ ታች ስናወርድ ሰባተኛው ረድፍ ላይ 7 ተቀምጧል። ስለዚህ 7 የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው። ያ ቤት ብቻውን ቢጠየቅ ኖሮ ምናልባት 1ም፣ 4ም፣ 7ም፣ 9ም እችላለሁ ይል ነበር። ቤቱ አያውቅም፤ ቁጥሩ ግን ሌላ መግቢያ እንደሌለው ያውቃል።

ከየትኛው ቁጥር መጀመር ይሻላል? በሰንጠረዡ ላይ በብዛት ከተሰጠው። 7 አምስት ጊዜ ተሰጥቶ ከሆነ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ አምስቱ ረድፎችና ዓምዶች ደግሞ አብዛኛውን መንገድ ዘግተዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠውን ቁጥር መጀመሪያ ላይ ማሳደድ ድካም ነው። አንድ ቁጥር ባስገባን ቁጥር ደግሞ ሦስት ቦታ አዲስ ነገር ተፈጥሯል፦ ረድፉ፣ ዓምዱ፣ ግቢው። እነዚያን ሳያዩ ወደ ሌላ ማዕዘን መዝለል በእጅ ያለውን ወርቅ እንደ መጣል ነው። እኔ ይህን ልማድ ለማዳበር ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ዓይኔ ሁልጊዜ ወደ ሰፊው ባዶ ይሮጥ ነበር።

ዕጩዎች

መካከለኛው ሱዶኩ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሁለቱንም ጥያቄ በየቤቱ ጠይቀን መልስ የለም። እኔ በዚህ ጊዜ ነበር እስክሪብቶ ይዤ መገመት የምጀምረው።

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ምልክት ሳያደርግ መቀስ አያነሳም። ጋሼም እንዲሁ በእርሳስ፣ በእያንዳንዱ ባዶ ቤት ማዕዘን ላይ፣ እዚያ ቤት ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በደቃቁ ይጽፋሉ። እነዚህን ዕጩዎች እንበላቸው። ዕጩ ቁጥር አልተመረጠም፤ ገና አልተሰረዘም ማለት ነው። ሥራው ከዚህ በኋላ መጻፍ መሆኑ ቀርቶ መሰረዝ ይሆናል፤ የቁጥሩ ቦታ የሚታወቀው ሌሎቹ ሲሰረዙ ነውና።

አንድ ረድፍ ላይ 1፣ 3፣ 4፣ 6 እና 8 ተሞልተዋል እንበል። የቀሩት 2፣ 5፣ 7 እና 9 ናቸው፤ አራት ባዶ ቤቶችም አሉ። ዓምዶቹንና ግቢዎቹን አይተን ዕጩዎቹን ስንጽፍ እንዲህ መጣ፦ በመጀመሪያው ባዶ ቤት 2 ወይም 7፤ በሁለተኛው 2 ወይም 7፤ በሦስተኛው 2፣ 5 ወይም 7፤ በአራተኛው 2፣ 5 ወይም 9። አንዱም ቤት አንድ ዕጩ ብቻ የለውም። ተዘጋ?

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ሆቴል የፈለገ ሰው ይህን ነገር ቶሎ ይረዳዋል። ሁለት ክፍሎች ለሁለት ወንድማማቾች ተይዘዋል። ታላቁ የትኛው ክፍል እንደሚያድር፣ ታናሹ የትኛው፣ እንግዳ ተቀባዩ አያውቅም፤ ማታ ራሳቸው ይስማሙበታል። ለሦስተኛው እንግዳ ግን መልሱ አሁኑኑ የታወቀ ነው፦ እነዚያ ሁለት ክፍሎች የሉም። 2 እና 7 ወንድማማቾቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቤቶች ይዘዋል፤ የትኛው በየትኛው እንደሆነ አናውቅም። ነገር ግን 2ም 7ም ከዚያ ረድፍ ሌላ ቤት ሊገቡ አይችሉም። ከሦስተኛው ቤት 2 እና 7 ይሰረዙ፤ 5 ብቻውን ቀረ። ከአራተኛው 2 ይሰረዝ፤ 5ም አሁን ቦታ ስላገኘ ይሰረዝ፤ 9 ቀረ። የማናውቀውን ሳናውቅ ሁለት ቤት ሞላን። (ልብ ያለ ሰው «9 የት ይገባል?» ብሎም እዚሁ ይደርስ ነበር፤ የጥንዱ መንገድ ግን ይህ በማይታይበትም ይሠራል።) እኔ ከሱዶኩ ብልሃቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም ባይ ነኝ።

ጥንዶቹ በዓምድም በግቢም ውስጥ ይሠራሉ። ሦስት ቁጥሮች በሦስት ቤቶች ብቻ ሲታጠሩም ሕጉ ያው ነው፤ ማየቱ ብቻ ይከብዳል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ፦ የሁለቱ ቤቶች ዕጩዎች በትክክል እነዚያው ሁለት ብቻ መሆን አለባቸው። አንደኛው ቤት 2፣ 7 እና 5 ካለው ገና ጥንድ አልሆኑም፤ የቸኮለ ሰው እዚህ ይወድቃል።

ሌላው ብልሃት የመንገድና የቤት ነገር ነው። የአንድን ሰው ቤት ባላውቅም በየትኛው መንገድ እንደሚኖር ካወቅሁ፣ በሌላ መንገድ አልፈልገውም። አንድ ግቢ ውስጥ 8 ሊገባባቸው የሚችሉት ሁለት ቤቶች ብቻ ቢሆኑና ሁለቱም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቢውሉ፣ 8 ከሁለቱ በየትኛውም ቢያርፍ የሦስተኛው ረድፍ 8 በዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ግቢዎች ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተጻፈ ዕጩ 8 ሁሉ ይሰረዛል። ብዙ ጊዜ አንድ ዕጩ ብቻ ነው የሚሰረዘው፤ ያ አንድ ግን የተቋጠረውን ሁሉ ይፈታዋል።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ብልሃቶች ለከባድ ሱዶኩ ናቸው። በሁለት የተለያዩ ረድፎች 6 ሊገባ የሚችለው በተመሳሳይ ሁለት ዓምዶች ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ 6ቶች በሰያፍ መቀመጣቸው የግድ ነው፤ አንዱ ረድፍ ግራውን ከያዘ ሌላው ቀኙን ይይዛል። እንግዲህ የእነዚያ ሁለት ዓምዶች 6 ተገኝቷል ማለት ነውና ከሌሎች ረድፎች ላይ ይሰረዛል። ሌሎች ረጃጅም ስም ያላቸው ሰንሰለቶችም አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ እስካሁን ከመጽሐፉ ሲሦ አላለፍኩም፤ እነርሱን ሳላውቅ ደስ ብሎኝ ስፈታ ከርሜያለሁ።

መገመት ለምን ይጎዳል?

በአግባቡ የተዘጋጀ ሱዶኩ አንድ መልስ ብቻ አለው። ይህ ለፈቺው ውለታ ነው፤ በምክንያት ብቻ መድረስ ይቻላል ማለት ነው። መልሱ አንድ እንዲሆን ግን ስንት ቁጥር መሰጠት አለበት? ለብዙ ዓመታት 17 ቁጥር ብቻ ተሰጥቶባቸው አንድ መልስ ያላቸው ሰንጠረዦች ይታወቁ ነበር፤ ባለ 16 ግን ማንም አላገኘም። በ2012 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊኑ የሒሳብ ሊቅ ጋሪ ማክጓየርና ባልደረቦቻቸው በከፍተኛ የኮምፒውተር ፍለጋ ባለ 16 እንደሌለ አረጋገጡ። ከ17 ያነሰ ቁጥር የተሰጠበት ሱዶኩ ቢያጋጥምዎ አንድም ቁጥር ተረስቷል፣ አንድም መልሱ ብዙ ነው።

ብዙ ቁጥር የተሰጠበት ሁሉ ደግሞ ቀላል አይደለም። የተሰጡት ቁጥሮች ብዛት ሳይሆን ምን ዓይነት ምክንያት እንደሚጠይቁ ነው ክብደቱን የሚወስነው። 30 ቁጥር ተሰጥቶበት ሦስት ቀን ያቆመኝ አለ።

በትክክል የተሞሉ ዘጠኝ በዘጠኝ ሰንጠረዦች በጠቅላላው 6,670,903,752,021,072,936,960 ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. በርትራም ፈልገንሃወርና ፍሬዘር ጃርቪስ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች ናቸው የቆጠሩት። ይህን ቁጥር የጻፍኩት ለማስደነቅ ብቻ አይደለም፤ በግምት የሚሄድ ሰው ምን ያህል ሰፊ ዱር ውስጥ እንደገባ ለማሳየት ነው።

ኮምፒውተር ግን ይገምታል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ባዶ ቤት ላይ የሚቻለውን የመጀመሪያ ቁጥር ያስገባሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ግድግዳ ሲመቱ ወደ መጨረሻው ግምት ተመልሰው ሌላ ቁጥር ይሞክራሉ። ይህ ለኮምፒውተር ይሠራል፤ የት እንደገመተ አይረሳም፣ አይታክተውም። ሰው ግን ማታ በሦስት ሰዓት የገመተውን 3 በአራት ሰዓት እንደ እውነት ያየዋል። የእኔ ሁለት 5ቶች የመጡት ከዚህ ነው።

«ይህ 3 ቢሆንስ?» ብሎ ማሰብ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጋሼም ለዚህ ፊታቸውን አይቋጥሩም። 3 ነው ብለን ይዘን ስንከተለው አንድ ረድፍ ላይ ሁለት 9 ካመጣ፣ 3 አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ «በምን አወቅህ?» ለሚለው መልስ አለን። ችግሩ ምንም ተቃርኖ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ያኔ 3 መሆኑን አላረጋገጥንም፤ ገና አልተያዝንም እንጂ።

ስህተት ሲገኝም አያያዝ አለው። ሁለት 5 ያየንበት ረድፍ ስህተቱ የታየበት ቦታ ነው፤ የተሠራበት ግን ምናልባት ከሃያ ቁጥር በፊት፣ በሌላ ማዕዘን ሊሆን ይችላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ቁጥሮች አጥፍቶ መቀጠል የሚያጓጓ ነገር ነው፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ካርቶኑ ተቀደደ። ከተሰጡት ቁጥሮች በቀር ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጀመር በስተመጨረሻ ጊዜ ይቆጥባል። በእስክሪብቶ የጀመረ ሰው ይህን ዕድል የለውም።

ሱሪዬን የወሰድኩት ከወር በኋላ ነው። የመጨረሻው ጉብኝቴ ግን እርሱ አልነበረም። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ አዲስ ካርቶን ላይ ይህችን በግዕዝ ቁጥር ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ከ፩ እስከ ፬ ብቻ ነው፣ የተሰጡትም አራት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ዓምድ በማየት ይጀመር። መልሷ አንድ ነው፤ አንድም ግምት አትፈልግም።

፫ □ □ □
□ □ ፩ □
□ □ □ ፬
፪ □ □ □